እትዬን ጠይቁ፦ ቋጠሮ የሌለው ምንጣፍ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ ልብስ ስንጨዋወት፣ መጨረሻ ላይ "እኔ ካፖርቴን ቀድጄ ምንጣፍ ሠራሁበት" ብዬ በአንድ መስመር አለፍኩ። እናንተ ግን አላለፋችሁም። ስለ ዚፕ መቀየርና ስለ ቀሚስ ማሳጠር የምትጠይቁኝ ሁሉ ስለ ምንጣፉ ጻፋችሁ። እንግዲያው የዛሬው ዓምድ የእሱ ነው። ዚፕ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ላልሰማችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኬሻ ትወጥራላችሁ። ከሱፍ ጨርቅ ቀጫጭን ጥብጣብ ትቆርጣላችሁ። ጫፉ ቆልመም ያለ አጭር መንጠቆ ከላይ በኬሻው ቀዳዳ ትሰዳላችሁ። ግራ እጃችሁ ከሥር ጥብጣቡን ይዞ ይጠብቃል፤ መንጠቆው ይዞት ይወጣል። ከላይ አንዲት ትንሽ ቀለበት ትቀራለች። ከጎኗ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ኬሻው በቀለበት ሲሞላ ምንጣፍ ሆነ ማለት ነው። ሽመና አይደለም፣ ዳንቴልም አይደለም። መርፌ የሚነካው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው።

እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ጊሽ ዓባይ ሠፈር የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። ይህን ሥራ ያየሁት በ2011 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ከካናዳ፣ ከሃሊፋክስ ስትመጣ ነው። በሻንጣዋ አንዲት የበር ምንጣፍ ነበረች፣ ላይዋ ላይ ጀልባ ያለባት። ገልብጬ ጀርባዋን ሳይ ቋጠሮ ፈለግኩ። የለም። የመኪና ስፌት ፈለግኩ። የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለባለቤቴ "የመንጠቆ ሥራ ልጀምር ነው" ስለው ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው አይደል፣ "ታዲያ አምባዛው መቼ ይደርሳል?" አለኝ።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

"ሰላም እትዬ። የምኖረው ሽምብጥ ነው። ከተመረቅኩ ዓመት አለፈኝ፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ዳንቴል እችላለሁ። ይህን ምንጣፍ ለመጀመር ምን ልግዛ? ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩት ዕቃ ሁሉ እዚህ የለም።" — ባለ ኪሮሽ

የኔ ልጅ፣ ዩቲዩቡን ለጊዜው ዝጊው። የሚያስፈልግሽ አራት ነገር ነው፦ መንጠቆ፣ ኬሻ፣ ሱፍና ፍሬም።

መንጠቆ አለሽ። ወፈር ያለ የብረት ኪሮሽ ይበቃል። ችግሩ መያዣው ነው። በቀጭን ኪሮሽ ሁለት ሰዓት ስትሠሪ መዳፍሽ ውሃ ይቋጥራል። እኔ ጋራዥ ያለ ልጅ ረጅም ሚስማር አጥፎ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሶ፣ የወይራ እንጨት እጄታ ከተተልኝ። እጄታው የዕንቁላል ያህል ነው፣ መዳፌ ውስጥ ሙልት ይላል። እስከ ዛሬ የምሠራው በሱ ነው። ከሃሊፋክስ የመጣው ባለ ነሐሱ መንጠቆ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ኬሻው ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ምንጣፌን የሠራሁት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ ቤት ውስጥ ሞልቷል፤ ምን ጎደለው ብዬ። ሁለት ሳምንት ሠራሁ። ልጄ ከምሳ መልስ አንዷን ጥብጣብ ይዞ ሳብ ሲያደርጋት፣ መስመሩ በሙሉ እንደ ሹራብ ተተረተረ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ማዳበሪያው ፕላስቲክ ነው፤ ልሙጥ ነው። መንጠቆው የከፈተው ቀዳዳ ተመልሶ አይገጥምም፤ ክሩም ሱፉን አይዝም። የጁት ኬሻ ግን ፀጉራም ነው። መንጠቆው ሲወጣ ክሮቹ ተመልሰው ሱፉን አንገቱ ላይ ያንቁታል። ቋጠሮ የማያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ከሥር ኬሻው ያንቃል፣ ከጎን ደግሞ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

ስለዚህ ቡና ነጋዴ ጋ ሂጂ። 60 ኪሎ ቡና የሚይዘውን የጁት ኬሻ ጠይቂ። ያልተቀደደ፣ ያልረጠበ ምረጪ። ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፦ ቀዳዳው እኩል መሆን አለበት፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አራት ወይም አምስት ክር። አቧራውን ውጭ አራግፊ፣ እጠቢና አድርቂው። ጁት ከዓመታት በኋላ እየደረቀ እንደሚሰባበር ግን እወቂ። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ከፈለግሽ፣ ሸማኔ ጋ ወፍራም ጥጥ ሳሳ አድርጎ እንዲሠራልሽ እዘዢ። እኔ አንዱን እንዲህ ባዝዘው ከመቀመጫው ቀና ብሎ "እትዬ፣ ሰው ሁሉ ጠበቅ አድርገው ይለኛል፣ እርስዎ ሳሳ አድርገው ይላሉ?" አለኝ። ሠራልኝ ግን።

ሱፍ። እዚህ አገር "ሱፍ አለ?" ብለሽ ከጠየቅሽ አንዱ የፍትፍቱን ያመጣልሻል፣ ሌላው የሙሽራ ሙሉ ልብስ ያሳይሻል። የምንፈልገው የበጉን ነው። ያለውም ሰልባጅ ተራ ነው። ወፍራም የክረምት ካፖርት፣ የወንድ ኮት፣ ጉርድ። ባሕር ዳር ላይ ማን ይለብሰዋል? ማንም። ስለዚህ ሻጩ ይገላገለው ይመስል በርካሽ ይሰጥሻል። ዓይነቱ የተጻፈበትን ምልክት አትተማመኚበት፣ ብዙው ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ስፌቱ ውስጥ ከታጠፈው ከራሱ ከጨርቁ አንድ ክር ምዘዢና ክብሪት ጫሪበት። የፀጉር ሽታ ከሸተተ፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ከጠፋ፣ አመዱም በጣትሽ ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ጠጠር ከደረቀ ፖሊስተር ነው፤ መልሺለት። ሻጩ ዓይኑን ያፈጥብሻል፣ ግድ የለም።

ካፖርቱን ፍቺ። ገበሩን፣ ቁልፉን፣ ስፌቱን ሁሉ አውጪ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደህና አድርገሽ እሺው። ሹራብ ሲታጠብ የምትፈሪው ነገር እዚህ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ፦ ይሰብሰብ፣ ይወፍር። ያልታሸ ጨርቅ በጥብጣብ ሲቆረጥ ጠርዙ ይበናል። ካደረቅሽው በኋላ የክሩን መስመር ተከትለሽ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ቁረጪ። ሰያፍ ከቆረጥሽ ስትጎትቺው ይበጠሳል። ርዝመቱ ከክንድ ባይበልጥ ይመረጣል።

ስንት ጨርቅ ይበቃል? ልትሞዪው የምትፈልጊው ቦታ ላይ ጨርቁን አራት ድርብ አድርገሽ አንጥፊ። ከሸፈነው ይበቃል። እኔ በዚህ ልክ ሠርቼ የጎደለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ቀለበቱን እንደ ጎመን ቅጠል አስረዝሜው ነበር።

ፍሬሙን የአሮጌ ፎቶ ፍሬም አድርጊው፤ ኬሻውን በትናንሽ ሚስማር ዙሪያውን ምቺ። ሲመታ እንደ ከበሮ ድም ማለት አለበት። ከሥዕሉ ውጭ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ኬሻ ይተረፍሽ፣ ለጠርዙ ነው። የመጀመሪያው ከወንበር መቀመጫ አይብለጥ።

አሁን እጅሽ። የጥብጣቡን ጫፍ መጀመሪያ ወደ ላይ አውጪው፣ እዚያው ይቁም። ከጎኑ ያለውን ቀዳዳ ግቢ። መንጠቆውን ከሥር ካለው ጣትሽ ጋር አገናኚው። ዓይንሽ አያይም፣ ጣትሽ ነው የሚያየው። ዳንቴል ስለምትችይ ቀኝሽ ይፈጥናል፤ ግራሽን ግን እንደ ሕፃን ከሀ ጀምረሽ ታስተምሪዋለሽ። ቀለበቷ ስትወጣ ቁመቷ የጥብጣቡን ስፋት ያህል ይሁን። ስታወጫት መንጠቆውን ቀድማ ወደ ወጣችው ቀለበት ዘንበል አድርጊ። ቀጥ አድርገሽ ወደ ፊት ከሳብሽ የፊተኛዋን መልሰሽ ታወጫታለሽ። ጥብጣቡ ሲያልቅ ጫፉን ወደ ላይ አውጪና ከቀለበቶቹ እኩል በመቀስ ከርክሚው። ከሥር ምንም የተንጠለጠለ ነገር አይኑር፤ ከሥር ጥብጣብ በጥብጣብ ላይ አቋርጠሽም አትለፊ። ጉብ ያለው ቦታ እግር ሲረግጠው መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

የሥዕሉን ዙሪያ ቀድመሽ ሥሪ፣ ከመስመሩ ትንሽ ገባ ብለሽ። ከዚያ ውስጡን ሙዪ። ሦስት ቀን አስቀያሚ ይሆናል። በአራተኛው ደብዳቤ ጻፊልኝ።

"እትዬ፣ ቪዲዮ አይቼ ጀመርኩ። ቀለበቴ ያምራል፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ግን ከፍሬሙ ስፈታው ምንጣፉ እንደ ምጣድ ክዳን መሀሉ ተነሣ። ረግጬ ተኛሁበት፣ አልተስተካከለም።" — ከፋሲሎ

"ጥቅጥቅ ያለ" ያልሽው ነው በሽታው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሞልተሻል አይደል? ኬሻው የሚችለውን ያህል ሱፍ ነው የሚችለው። ሲበዛበት የሚሄድበት ስለሌለ ወደ ላይ ይነሣል። እኔ በመስመር ላይ አንድ ቀዳዳ ገብቼ አንድ እዘላለሁ፤ በመስመርና በመስመር መካከልም አንዳንዴ ሁለት ክር እዘላለሁ። ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ። እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ኬሻ መታየት አለበት። ከፊት ካልታየ ችግር የለውም፤ ሱፉ ሲረገጥ ዘርጋ ብሎ ይሸፍነዋል።

የአንቺን ለማዳን መሀሉ ላይ ከሦስት መስመር አንዱን ሳቢና አውጪ። አዎ፣ እንዲሁ መጎተት ነው። ሁለት ሰዓት ያጠፋሽበት ሥራ በአንድ ደቂቃ ይወጣል። ቋጠሮ የሌለው ሥራ ጥሩነቱ ይህ ነው፣ ጥብጣቡንም መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። ከዚያ በግንባሩ ድፊው፣ እርጥብ ፎጣ አልብሺና ትኩስ ካውያ አሳርፊበት። አትግፊ፣ አሳርፊና አንሺ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድሮ ይድረቅ።

መተኛቱ ግን አስቆኛል።

"እኛ ዘንድ በግ ሞልቷል፣ ሰልባጅ ለምን እንገዛለን? ከአክስቴ አገር ከፋርጣ አንድ ጆንያ የበግ ፀጉር አስመጣሁ። ቤቱ ሸተተ። እናቴ አውጥታ ደጅ ጣለችው። ምን ላድርግ?" — ከወረታ

አስመጥተሽ ካመጣሽ አይቀር ከፋርጣ ማምጣትሽ ልክ ነው። ብዙ ሰው በግ ሁሉ ሱፍ ያለው ይመስለዋል። እኛ ጎጃም በብዛት የምናየው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ነው፤ ሥጋው እንጂ ሱፉ አይጠየቅም። ጉና ሥር ያለው የፋርጣ በግ ግን ብርድ ላይ ስለሚውል ይለብሳል። የጉና አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ያለነው 1,800 ገደማ ላይ። በጉም እንደ አገሩ ነው የሚለብሰው።

ሽታው ከራሱ ከበጉ የሚወጣ ቅባትና ላብ ነው። ቅባቱ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። መጀመሪያ ደጅ ላይ ዘርግተሽ ፋንድያውን፣ ጭጎጎቱን፣ የተቋጠረውን ቦታ በእጅ ልቀሚና ጣዪ። ከዚያ እጅ የማይችለው ሙቅ ውሃ፣ ያልፈላ፣ ላርጎ ጨምረሽበት። ሱፉን ድፈቂውና ተዪው። ሃያ ደቂቃ። አትማስዪ! ከካፖርቱ ጋር እንዳይምታታብሽ፦ ካፖርቱ እንዲጠቃጠቅ ነው የምናሸው፣ ይሄኛው ግን ከተማሰለ አንድ ላይ ተያይዞ እንደ ፍራሽ ድብልብል ይሆናል። በቀስታ አውጪ፣ ውሃውን ቀይሪ፣ ድገሚ። ሁለት ሦስቴ። ማለቅለቂያውም ሙቅ ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት ከገባ እንደዚያው ይጠቃጠቃል። የሳሙናውን ውሃ ሐይቁ ዳር ወይ ወንዙ ዳር እንዳትደፊ። ጣና እምቦጩ ይበቃዋል።

ከደረቀ በኋላ ፈታ ፈታ አድርገሽ በእንዝርት ፍተዪው። እናትሽ ጥጥ ትፈትል ከነበረ ወደ ሥራው እንድትገባ ጠይቂያት። ደጅ የጣለችውን ራሷ ታስገባዋለች። ወፈር አድርጋ፣ የእርሳስ ያህል፣ ሸካራ ቢሆንም ምንም አይል። ፈትሉን ልክ እንደ ጥብጣብ በመንጠቆ ትሠሪበታለሽ። ሸካራው ሱፍ ለምንጣፍ ከለስላሳው ይሻላል፤ ለአንገት ልብስ ነበር እንጂ የሚቆረቁረው።

"ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረተኛ ነኝ። አባቴ በርኖስ ለብሶ ነው ያሳደገኝ፣ የተኛነውም ባና ለብሰን ነው። የራሳችን የሱፍ ጥበብ እያለ የፈረንጅ ቄንጥ ማስተማርሽ አሳዘነኝ።" — ከደብረ ታቦር

አባባ፣ ቅሬታዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ከግማሹም ጋር እስማማለሁ። በርኖሱ፣ ባናው፣ ዝተቱ በእኔ ዕድሜ ከብዙ ቤት ሲወጣ አይቻለሁ። ሱፉን በደጋን ነድፈው፣ ሴቶቹ ፈትለው፣ ወንዶቹ ሸምነው፣ ዝናብ የማያስገባ ጥቁር በርኖስ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው። መንዝ አካባቢ ዛሬም አለ። እኔ ግን ሸማኔ አይደለሁም። መጽሔት ላይ ሆኜ የማላውቀውን ሽመና ባስተምር ሸማኔዎቹ ይስቁብኛል። እርስዎ የሚያውቁትን ቢጽፉልን ግን ይህን ገጽ ለሁለት እንካፈላለን፤ የምሬን ነው።

የማልስማማው "ቄንጥ" ያሉት ላይ ነው። ይህ ሥራ የባለጠጋ አይደለም። ያደገው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ሜን ግዛትና በካናዳ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው፣ ብርዳማ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ አገር ነው። ምንጣፍ መግዛት የማይችል ሰው፣ እህልና መኖ የመጣበትን የጁት ከረጢት ፈትቶ፣ ያለቀ የሱፍ ልብስ ቀድዶ ሠራው። በቃ። በሜን ግዛት ቢደፎርድ በምትባል ከተማ ኤድዋርድ ሳንድስ ፍሮስት የሚባል፣ በየመንደሩ እየዞረ የቆርቆሮ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ሚስቱ ምንጣፍ ስትሠራ አየ፤ የያዘችው መንጠቆ አላማረውም፣ የተሻለ ሠራላት። ከዚያ ንድፍ ሣለላት። ጎረቤት ሁሉ ለእኔም ሣልልኝ ሲል፣ ቆርቆሮ ቀድዶ ማተሚያ አበጀና ኬሻ ላይ አበባና አንበሳ እያተመ ይሸጥ ጀመር። ከቆርቆሮ ነጋዴነት ወደ ምንጣፍ ንድፍ። የእኛ የመርካቶ ሰው ቢሰማው "ወንድሜ ነው" ይለዋል።

ከዚያ ደግሞ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር አለ። ግሬንፌል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያ ሆስፒታል ነበረው። የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች በክረምት ምንጣፍ እየሠሩ ገቢ እንዲያገኙ በእሱ ሚሲዮን ተደራጁ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀደደ የሴት የሐር ስቶኪንግ ከየከተማው እያሰባሰቡ ይልኩላቸው ነበር፤ ያንን ቀለም ነክረው፣ በጣም ቀጭን አድርገው፣ የበረዶ ድብና ጀልባ ይሠሩበታል። ስቶኪንጉ በእኛ አገር ቢሆን መጥረጊያ ይሆን ነበር።

እና አባባ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ሴት የሌላ ባሕር ዳር ሴት ከሠራችው ብትማር ምን ክፋት አለው? ሥዕሉ የእኛ ይሁን ካሉኝ ግን እጄን አወጣለሁ። እኔ ታንኳ እሠራለሁ፣ የደንገሉን እስር በሦስት ዓይነት ቡናማ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሠርቼ አውቃለሁ፣ አማረ። አምባዛ ሠርቼ ግን ያየው ሁሉ "ነጠላ ጫማ ነው?" አለኝ። ጢሙን አስረዝሜ ደገምኩት። "ገመዱ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ" አሉኝ።

"ሰላም። የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፣ ሌሊት ነው የምሠራው። ወንድ ልጅ ቢሠራው ነውር አለው?" — ስሜን አታውጡት

ስምህ ያልወጣው ስለጠየቅክ እንጂ የሚያሳፍር ስለሆነ አይደለም። የለበስከውን ጋቢ የሸመነው ወንድ ነው። በዚያ በካናዳ ዳርቻም ወንዶቹ ፍሬሙን ያበጁ፣ ንድፉን ይሥሉ፣ ክረምት ላይም ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ጥያቄህ መብራት ነው መሆን ያለበት። በደብዛዛ መብራት ጥቁርና ሰማያዊ አትለይም፤ ጠዋት ታየዋለህ፣ ታዝናለህ። ፈካ ባለ ቀለም ጀምር። ደግሞ በሩን አትርሳ።

"እትዬ፣ ይሸጣል? ስንት?" — ሁለት ጓደኛሞች፣ ከበላይ ዘለቀ ሠፈር

ይሸጣል። ቀስ ብሎ።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቁራጭ እኔን አሁንም አሥር ሰዓት ግድም ትፈጅብኛለች። 60 በ90 የሆነ የአልጋ ዳር ምንጣፍ የዚያች ስድስት እጥፍ ነው። ስድሳ ሰዓት። ስድሳውን ሰዓት በቀን ሠራተኛ የሰዓት ዋጋ አባዙት፣ የካፖርቱን ጨምሩበት። የወጣውን ቁጥር ገበያ ላይ ብትጠሩት ሰው ጥሏችሁ ይሄዳል። ለዚህ ነው ትንሽ የምሠራው፦ የትኩስ ድስት ማስቀመጫ፣ የወንበር መቀመጫ። ሱፍ ሙቀት ይችላል፣ ጀበናም ይቀመጥበታል። እነዚያ ይሄዳሉ። ትልቁን የምሠራው ለታዘዘ ብቻ ነው፣ ግማሹን ቀድሜ ተቀብዬ።

ቀድሞ መቀበልን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሦስት ምንጣፍ "ሲሸጥ እከፍላለሁ" ብሎ ወሰደ። ሁለቱ ተሸጡ። ገንዘቡ "ነገ" ሆነ፣ "ሰኞ" ሆነ፣ ከዚያ ስልኬን ማንሣት ተወ። ሦስተኛውን ሄጄ ከመስኮቱ ላይ አወረድኩት። አዲስ ጉድ ጠበቀኝ፦ ቢጫው ጠፍቷል። ደማቅ የጨረቃ ቢጫ ነበር፤ ነጭ ሱፍ በእርድ ነክሬ ያወጣሁት፣ ሠፈሩ ሁሉ ያደነቀው። ፀሐይ በልታው የታጠበ ሽሮ መሰለ። እርድ ሲነከር ያምራል፣ ፀሐይ ግን አይችልም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይሻላል። አንድ ድስት ሙሉ ልጣጭ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ የረጠበውን ሱፍ ክተቱ፣ ከፈላ በታች ባለ ሙቀት አንድ ሰዓት ይቆይ፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከወርቃማ እስከ ሸክላ ቀለም ይወጣል። ለቡናማ ሻይና የቡና አተላ። ለምግብ የምትሠሩበትን ድስት ግን ለቀለም አትጠቀሙ።

ለገዢያችሁ ይህንን ንገሩ፦ ማጠቢያ መኪና ውስጥ አይገባም። እንደ ሰሌን አይራገፍም፤ ሲወናጨፍ ኬሻው ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ መጥረግ፣ የፈሰሰበትን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ካናዳዎቹ ደረቅ በረዶ ላይ ዘርግተው ይጠርጉታል አሉ፤ እኛ ፀሐይ አለችን፣ ለብል እሷ ትበጃለች። ከክረምት በኋላ መስከረም ላይ አውጥታችሁ ግራ ቀኙን አናፍሱት። ሲቀመጥ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል፤ ቀለበቱ ወደ ውጭ።

"እትዬ እንደምን ነሽ። 12 ዓመቴ ነው። መሥራት እፈልጋለሁ ግን እማዬ አሮጌውን ካፖርቷን እንድቆርጠው አልፈቀደችም። አትለብሰውም እኮ!" — የሰባተኛ ክፍል ተማሪ

እንዳትቆርጪው! አለመልበሷ ሌላ፣ መውደዷ ሌላ ነው። ሠፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂና "የሱፍ ቅዳጅ አለዎት?" በይ። የሱሪ እግር ያሳጠርንበት፣ የኮት እጅጌ የቆረጥንበት በከረጢት ተሞልቶ ተቀምጧል። ጊሽ ዓባይ ካለፍሽ እኔ ጋ ግቢ። እሱ ለአንዲት ትንሽ የድስት ማስቀመጫ ይበቃሻል። ስትጨርሺ ለእማዬ ስጫት። ከዚያ በኋላ ስለ ካፖርቱ ራሷ ታነሣዋለች፣ አንቺ ዝም በይ።

ከፈቀደችልሽ ደግሞ ከመቁረጥሽ በፊት ኪሱን ፈትሺ። የገበሩንም ውስጥ። እኔ ከሰልባጅ በገዛሁት ግራጫ ካፖርት ገበር ውስጥ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ የአውቶቡስ ቲኬትና አንዲት የሕፃን ጓንት አግኝቻለሁ። ጓንቷ ቀይ ነች፣ ንጹሕ ሱፍ። አልቆረጥኳትም።